ኤፕኮት ለፎቶ የምትሄጂው እህቴ፣ ትራይፖድ እንዳትከራዪ

እህቴ፣ «ኦርላንዶ የዲዝኒው መዝናኛ ፓርክ ኤፕኮት ውስጥ ያሉትን፣ የየአገሩን አስመስለው የተሠሩ ሕንፃዎች ፎቶ ላነሳ ነው፤ ምን ልያዝ፣ ከየት ልጀምር» ብለሽ ጠይቀሻል። የካሜራውን ሴቲንግ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. ትራይፖድ፣ ማለት ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ። ተራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የማይገባ፣ ወይም ሲዘረጋ ከ1.8 ሜትር የሚያልፍ ትራይፖድ ይዞ መግባት አይቻልም። ሰልፊ ስቲክ ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው። ድሮንማ አይታሰብም። ይህን ሁሉ ያረፍንበት ሆቴል አጠገብ ያለው ካሜራ አከራይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እንጀራው ነው። ግን «ሁሉም ይዞ ይገባል፣ አታስብ» ብሎ ትልቅ ብረት አሸከመኝ። ፍተሻው ላይ ያሉት ሰዎች በትህትና ቦርሳዬ ውስጥ ለመክተት ሞከሩ፣ እምቢ አለ። እስከ መኪና ማቆሚያው ተመልሼ አስቀምጬው ስመጣ ጥሩው ብርሃን አልፏል። ማታ ልመልስለት ስሄድ ደግሞ «ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም ኪራይ ኪራይ ነው» ብሎ በሰው ፊት አመናጨቀኝ። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ከሜሪላንድ ድረስ ቤተሰብ ይዤ ሄጄ ያ ጠዋት መቅረቱ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ትራይፖድ ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ።

2. አቅጣጫ። 11ዱ አገሮች ሐይቁን ከበው ነው የተሠሩት። ከዋናው በር የሚገባው ሕዝብ በብዛት ወደ ግራ፣ ወደ ሜክሲኮ ይጎርፋል። አንቺ ወደ ቀኝ ታጠፊና በቀጥታ ሞሮኮ ሂጂ። የቀኙ ወገን ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስለሰጠ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። አገሮቹ ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት በፈረንጅ 11 ሰዓት ነው። ረፈደብኝ ብለሽ እንዳትተዪው፤ በሰመር እዚያ ፀሐይዋ አናት ላይ የምትወጣው በፈረንጅ ከቀኑ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቻይናና ሜክሲኮ ከሰዓት በኋላ ይደምቃሉ።

ሞሮኮ ላይ ቆይ ቆይ በይ። ፓርኩ በ1982 ተከፍቶ ይህኛው በ1984 ነው የተጨመረው። የሞሮኮው ንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ የራሳቸውን የእጅ ባለሙያዎች ልከው ነው ያሠሩት። ማማው የማራኬሹን የኩቱቢያ መስጊድ ማማ፣ በሩ ደግሞ የፌዝ ከተማን በር፣ ባብ ቡጅሉድን ተከትሎ የተሠራ ነው። በሩን አልፈሽ ስትገቢ መንገዱ ይጠብባል። ሐረር ጀጎልን የምታውቂ ከሆነ ብርሃኑ አይጠፋሽም፤ ግማሹ ግድግዳ ይነድዳል፣ ግማሹ ጥላ ነው። ዘሊጁን፣ ማለት የግድግዳውን የሸክላ ጌጥ፣ ተጠግተሽ አንሺ። እያንዳንዷ ቁራጭ በእጅ የተቆረጠች ናት፤ ጠርዟ ላይ የመሮው ንክሻ ይታያል። አንዳንዷን ሆን ብለው እንከን ያደርጉባታል፤ እንከን የለሽ አላህ ብቻ ነው ብለው ስለሚያምኑ። ሸክላው ስለሚያንጸባርቅ ሌንሱ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዘር ፊልተር የግድ ያስፈልግሻል። እኔ በማግስቱ ያነሳሁት ሳሎኔ ተሰቅሏል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሞሮኮ መቼ ሄድክ?» ይለኛል።

ደግሞ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ሕንፃዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ሆን ተብሎ መጠናቸው እየቀነሰ ነው የተሠሩት፤ ረጅም እንዲመስሉ። ፈረንሳይ ክፍል ያለው የኤፍል ማማ ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ ነው። ሥሩ ቆመሽ ሽቅብ ካነሳሽው ምስጢሩ ይወጣል። ከሐይቁ ማዶ ሆነሽ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ሳቢው፣ ያኔ ፓሪስ ነው የሚመስለው።

ከሆቴሉ ኤሲ ወደ ፍሎሪዳ ሙቀት ስትወጪ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል። አትጥረጊው፤ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

የኛ አገር አለ ወይ ለሚሉ፣ የለም። እንደ ሌሎቹ አገሮች የራሱ ክፍል (ፓቪሊዮን) ለአፍሪካ ታቅዶ ሳይሠራ ቀርቷል፤ ከሞሮኮ ሌላ በቻይናና በጀርመን መካከል ትንሽ የአፍሪካ መንደር ቢጤ ብቻ አለች። ይህ ሁሌም ይከነክነኛል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጣሊያን ጋ ሐይቁ ዳር ቦታ ያዢ። ጃፓን፣ ሞሮኮና ፈረንሳይ ከማዶ በአንድ መስመር ይሰለፉልሻል። ለማታው ትርኢት ሕዝቡ ስለሚሻማ ቀድመሽ ድረሺ። የምትሄጂበትን ወር ከነገርሽኝ ብርሃኑ የሚመችበትን ሰዓት እጽፍልሻለሁ።