በየጠዋቱ ያንኑ ፍለጋ መጻፍ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ላለፉት 6 ዓመታት ከደንበኞች ጋር የተነጋገርኩትን፣ የከበዱኝን ቃላት ፍቺ፣ ያልተከፈለኝን ሒሳብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሁሉ የምጽፈው በአንድ የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ ሲሆን፣ ማስታወሻዎቹ ከ3,000 በላይ ሆነዋል። መጀመሪያ በየማህደሩ ከፋፍዬ አስቀምጣቸው ነበር፤ ነገር ግን ማህደሮቹ ራሳቸው ስለበዙብኝ አሁን የምተማመነው በፍለጋ ሳጥኑ ብቻ ነው። ያላለቁ ሥራዎቼን ለማግኘት በየጠዋቱ እነዚያኑ ቃላት እጽፋለሁ፤ ከሚመጡልኝ ግማሾቹ ግን የማልፈልጋቸው ናቸው፣ የምፈልጋቸው ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጡም። ፍለጋን ማስቀመጥ እንደሚቻል ሰምቻለሁ። በእርግጥ ይጠቅመኛል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ይጠቅምዎታል፤ ሆኖም አሁን በየጠዋቱ የሚጽፉትን ፍለጋ እንዳለ እንዳያስቀምጡት እለምንዎታለሁ። ፍለጋ ሲቀመጥ የሚቀመጠው ጥያቄው እንጂ መልሱ አይደለም። የተቀመጠውን ፍለጋ በከፈቱ ቁጥር ፕሮግራሙ ጥያቄውን እንደ አዲስ ስለሚያስኬደው፣ ትናንት ማታ የጻፉት ማስታወሻ ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፤ ትናንት የጨረሱት ሥራም ማንም ሳይነካው ከዝርዝሩ ይወጣል። ጥያቄው ራሱ የተዛባ ከሆነ ግን ያተረፉት ነገር ቢኖር ያንኑ ስሕተት በአንድ ጠቅታ መድገም ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍለጋውን ከማስቀመጥዎ በፊት ሁለት ማስታወሻዎችን ይምረጡ። አንደኛው በውጤቱ ውስጥ የግድ መገኘት ያለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ፈጽሞ መገኘት የሌለበት ይሁን። የመጀመሪያውን አምጥቶ ሁለተኛውን እስኪተው ድረስ ፍለጋውን ያስተካክሉት። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ረዘም ያለ ዝርዝር ሲያይ ፍለጋው የተሳካ ይመስለዋል።

ፕሮግራምዎ የትኛው እንደሆነ ስላልገለጹልን በብዙዎች ዘንድ የታወቀውን ኤቨርኖትን ለምሳሌ እንውሰድ። «ያላለቀ» የሚለውን ቃል ብቻ ቢፈልጉ ቃሉ ያለበት ማስታወሻ ሁሉ ይመጣል፤ ከሦስት ዓመት በፊት «ያላለቀ ነገር የለም» ብለው የጻፉት ሳይቀር። በሥራ ማስታወሻዎችዎ ላይ ሲጨርሱ ምልክት የሚያደርጉባቸውን ትንንሽ ሳጥኖች የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ቃሉ ጨርሶ አያስፈልግዎትም። «ቱዱ» የሚለውን የትእዛዝ ቃል በላቲን ፊደል ጽፈው፣ ሁለት ነጥብ አስከትለው፣ ሳይለያዩ «ፎልስ» ቢሉ (todo:false) ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን ያለባቸው ማስታወሻዎች ብቻ ይወጣሉ። በዚህ ላይ «የተተወ» የሚል ታግ (በማስታወሻ ላይ የሚለጠፍ መለያ ስም) የሰጧቸውን ለማስቀረት ከታግ ትእዛዙ ፊት የመቀነስ ምልክት ይጨምራሉ (-tag:የተተወ)። እንዲህ ተከታትለው የሚጻፉ ትእዛዞችን ፕሮግራሙ ሁሉም እንዲሟሉ አድርጎ ነው የሚረዳቸው፤ «ኤኒ» የሚለው ቃል ከነሁለት ነጥቡ (any:) ከፊት ሲገባ ግን ከተዘረዘሩት አንዱ መሟላቱ ይበቃዋል። ይህችን ቃል በጥንቃቄ ይጠቀሙባት፤ ለማጥበብ የደከሙበትን ፍለጋ በአንድ ጊዜ መልሳ ታሰፋዋለች።

ጊዜንም መጨመር ይቻላል። በዚሁ ፕሮግራም «ባለፉት 30 ቀናት የተሻሻሉ» ብሎ መጠየቅ የሚቻል ሲሆን፣ ለሚቀመጥ ፍለጋ ከቁርጥ ቀን ይልቅ ይህን የመሰለ ወደ ኋላ የሚቆጠር ጊዜ ይሻላል፤ ቁርጥ ቀን ያለበት ፍለጋ በየወሩ ካልታደሰ ያረጃልና። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የማሻሻያ ቀን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሲያርሙ እንኳ ይቀየራል። የተፈጠረበት ቀን በአርትዖት አይቀየርም፤ ይሁን እንጂ ማስታወሻዎችዎን ከሌላ ፕሮግራም ያዛወሩ ከሆነ፣ እንደ አዛዋወሩ፣ ሁሉም በዝውውሩ ዕለት እንደተፈጠሩ ተቆጥረው ሊገኙ ይችላሉ። አንድ የድሮ ማስታወሻ ከፍተው ቀኑን ቢመለከቱ ወዲያው ያውቁታል።

«የምፈልጋቸው ጭራሽ አይመጡም» ላሉት ግን፣ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ፊደላችንን ነው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ እንዲሁም ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጠዋት «ሥራ»፣ ሲቸኩሉ «ስራ» ብለው የሚጽፉ ከሆነ፣ ልዩነቱን አቻችሎ እንዲፈልግ ያልተሠራ ፕሮግራም አንዱን ሲያመጣ ሌላውን ይተወዋል። የራሴን ማስታወሻዎች ስፈትሽ «ሐሳብ»ን በአራት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቼዋለሁ፤ አራተኛውን መቼና ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩት እኔም አላስታውስ።

ቅጥያም አለ። ፍለጋን ቃሉ ከሚጀምርበት ፊደል አንሥተው የሚያመሳስሉ ፕሮግራሞች «ስብሰባ» ሲባሉ «ስብሰባው»ን እና «ስብሰባችን»ን ሊያመጡ ይችላሉ፤ «በስብሰባው»ን እና «የስብሰባ»ን ግን አያገኙም። በኤቨርኖት ቀሪውን የቃል ክፍል የሚተካው የኮከብ ምልክት የሚገባው በቃሉ መጨረሻ ብቻ ስለሆነ፣ ከፊት ለሚቀጠሉት ለ«በ»፣ ለ«የ» እና ለ«ከ» መፍትሔ አይሆንም። እዚህ ላይ ታግ ዋጋውን ያሳያል። «ስብሰባ» የሚል ታግ ቅጥያ አይቀበልም፤ ፕሮግራሙም ሲጽፉት ቀድሞ የነበረውን ታግ ስለሚያሳይዎት በሁለት ዓይነት ፊደል የመጻፉ ዕድል ይቀንሳል። በተደጋጋሚ ለሚፈልጓቸው ሰባት ስምንት ጉዳዮች ታግ ይስጡ፤ ሌላውን ለተራ ፍለጋ ይተዉት።

የሚጠቀሙት ኦብሲዲያን ከሆነ መንገዱ ይቀልዎታል። ኦብሲዲያን ቃሉን በሌላ ቃል መካከልም ቢሆን ስለሚያገኘው የቅጥያው ችግር አብዛኛው ይወገዳል። ለፊደሉ ደግሞ በሁለት ያዘነበሉ መስመሮች መካከል /[ሥስ]ራ/ ብለው ቢፈልጉ ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ያመጣል፤ /[ሐሀሃኀ]ሳብ/ ብለው ቢጽፉም እንዲሁ። በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ከተደረደሩት ፊደላት አንዱ በቦታው ከተገኘ ይበቃዋል። ይህን የመሰለ ፍለጋ በየጊዜው መጻፍ አሰልቺ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሠርተው ቡክማርክ ያድርጉት፤ ወይም በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ኲሪ (query) በሚባለው የኮድ ሳጥን ያስገቡትና ማስታወሻውን በከፈቱ ቁጥር ውጤቱ እዚያው ይዘረዘርልዎታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከፍለጋው በላይ ለምን እንደሠራሁት አንድ መስመር መጻፍ ያስችለኛል።

ስም ሲሰጡት በውስጡ ያሉትን ትእዛዞች ሳይሆን የሚመልሰውን ጥያቄ ይጻፉ፦ «ዛሬ ምን ቀረኝ»፣ «ያልተከፈለኝ»። ለመጀመሪያ ሦስት ይበቃሉ። ሃያ ፍለጋ ካስቀመጡ ከሃያው መካከል ትክክለኛውን መፈለግ ይጀምራሉ፤ ያ ደግሞ የሸሹት የማህደር ችግር ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ አፕል ኖትስ ላይ ያለኝን ማህደር ወደ ስማርት ፎልደር ልቀይር ስል ማስጠንቀቂያ ስላየሁ ፈርቼ ተውኩት። ማስታወሻዎቼ ይጠፋሉ?

መልስ፦ አይጠፉም፤ መፍራትዎ ግን ያለምክንያት አልነበረም። በ2021 ከአይፎኑ ሥርዓት ከአይኦኤስ 15 ጋር የመጣው ስማርት ፎልደር የተቀመጠ ፍለጋ ሌላ ስም ነው፤ በታግ የሚሰበስባቸው ማስታወሻዎች በያሉበት ማህደር ይቆያሉ። ነባር ማህደር ሲቀየር ግን በውስጡ የነበሩት ወደ ዋናው የኖትስ ማህደር ተዛውረው በማህደሩ ስም ታግ ይደረግላቸዋል፤ ይህንንም መልሶ መሻር አይቻልም። ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩት ማህደር ከሆነ ደግሞ መቀየር አይቻልም፤ ስማርት ፎልደር አይጋራምና። ለሙከራ ከሆነ ነባሩን ሳይነኩ አዲስ ስማርት ፎልደር ይክፈቱ። ስማርት ፎልደሩን ቢሰርዙት ማስታወሻዎቹ አይነኩም፤ በውስጡ የሚያዩትን ማስታወሻ ከሰረዙ ግን የሰረዙት ማስታወሻውን ራሱን ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ዓመት ያህል በደንብ ሲሠራ የነበረ የተቀመጠ ፍለጋ በድንገት ባዶ ሆነብኝ። ማስታወሻዎቹ አልጠፉም፤ አንድ በአንድ ስፈልጋቸው አሉ።

መልስ፦ በቅርቡ የታግ ወይም የማህደር ስም ቀይረው እንደሆነ ያስታውሱ። የተቀመጠ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ «ደንበኛ» የነበረውን ታግ «ደንበኞች» ሲሉት ፍለጋው የማይኖረውን የድሮ ስም መጠየቁን ይቀጥላል፤ ስሕተት አለ ብሎም አይነግርዎትም፣ ባዶ ዝርዝር ብቻ ያሳያል። የፍለጋውን ጽሑፍ ከፍተው ትእዛዞቹን ከመጨረሻው ጀምረው አንድ በአንድ ያንሡ፤ ውጤት መምጣት ሲጀምር መጨረሻ ላይ ያነሡት ጥፋተኛው ነው። የእርስዎ ባዶ መሆኑ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ወዲያው አስተዋሉት። ከሁለት ታጎች የአንዱ ብቻ ስም ተቀይሮ ፍለጋው አንዱም ቢሟላ የሚበቃው ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ ዝርዝሩ በግማሽ አጥሮ ለወራት ሳያውቁት ሊቆይ ይችል ነበር። እንደዚያ ዓይነት ፍለጋ ካለዎት እሱንም ዛሬውኑ ይመልከቱት።