ገንዘቡን ለውሃ መመርመሪያ አያውጡት

ሰላም መምህር። ከጅማ ከተማ ስምንት ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጡ ተመድበዋል። ሥልጠናው ስለ አካባቢያቸው ተፋሰስ ጤንነት ተማሪን እንዴት እንደሚያስተምሩ ነው። እርስዎም «በተፈቀደው በጀት የትኛውን የውሃ መመርመሪያ ብገዛ ይሻላል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ጅማ ይህንኑ ሥልጠና ሳዘጋጅ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ በዚያም ምክንያት የአንድ ዓመት ድካም ከንቱ ሆኖብኛል። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት መሆኑን እርስዎ ያውቁታልና በቀጥታ ወደ ሥራው ልግባ።

1. መመርመሪያ አይግዙ። እኔ ገዝቻለሁ። ከበጀቱ ከግማሽ በላይ አውጥቼ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት)፣ ናይትሬትና ፎስፌት የሚለካ፣ ጠብታ ኬሚካልና የቀለም ማነጻጸሪያ ያለው ሣጥን ለስድስት ትምህርት ቤቶች አስመጣሁ። በሥልጠናው ቀን ሁሉም ተደሰተ። ሣጥኖቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ግን በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ቅጹ፣ ተመዝግበው መጋዘን ገቡ። መምህሩ ወደ ወንዝ ይዟቸው ለመውጣት በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ቅጹ፣ መፈረም አለበት፤ አንዲት ብልቃጥ ብትሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። ታዲያ ማን ይፈርማል? በሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ ዞሬ ስጎበኝ ከስድስቱ አምስቱን እንደታሸጉ አገኘኋቸው። በስድስተኛው ትምህርት ቤት የምታስተምረው መምህርት ደፍራ አውጥታ ነበር። ተማሪዎቿ ኬሚካሉን በሁለት ወር ጨረሱት፤ ምትክ የሚገዛበት በጀት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ «ዕቃ የለንም» ብሎ ወደ ወንዝ መውጣቱን ተወ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ወንዝን ለማወቅ ሣጥን የግድ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ።

2. በዚያ ገንዘብ ወንፊት፣ ሳህን፣ ባልዲ፣ ማጉያ መነጽር፣ የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ይግዙ። መምህሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ ድንጋይ አንሥቶ ሥሩን በባልዲ ውስጥ ይጠብ፣ ውሃውን በወንፊት አጥልሎ የቀረውን ሳህኑ ላይ ይገልብጥ፣ ከዚያ ያገኛቸውን የነፍሳት እጮች በየዓይነታቸው ይቁጠር። ሦስት ጭራ ያላቸው ትንንሽ እጮች፣ ከአሸዋና ከስንጥር ቤት ሠርተው የሚኖሩትም፣ በአብዛኛው ብዙ ኦክስጅን ያለው ውሃ ይፈልጋሉ። ሳህኑ ላይ የሚታየው ቀይ ትል መሳይ እጭ ብቻ ከሆነ ወንዙ ታሟል። ቅላቱ ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ትንሿን ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚይዝለት ሌሎቹ ታፍነው በሚያልቁበት ውሃ ውስጥ ይኖራል። ኬሚካሉ የሚነግርዎት በዚያች ሰዓት ስለሚያልፈው ውሃ ነው። እጩ ግን እዚያው ሳምንታት ስለኖረ ትናንት ሌሊት ለተደፋው ቆሻሻም ምስክር ነው።

3. ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ብቻ አይጥሩ። መስከረም ሲጠባ ይዛወራል፣ ሥልጠናውም አብሮት ይሄዳል። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሳይንስ፣ ሌላው ጂኦግራፊ የሚያስተምር ቢሆን መልካም ነው። ርዕሰ መምህሩም ቢያንስ በወንዙ ቀን ይምጣ። ክፍሎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለሚማሩ፣ መምህራኑ ቃላቱን በየሚያስተምሩበት ቋንቋ በመጀመሪያው ቀን ተነጋግረው ይወስኑ። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንዱን እጭ በሦስት ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ።

4. ሥልጠናውን ከአዳራሽ ያውጡት። ሦስቱንም ቀን አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡ መምህራኑም ተማሪዎቻቸውን ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ። እኔ በሁለተኛው ዙር የጀመርኩት ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው የወረደው ውሃ በየትኛው ቦይ ይሄዳል? ቦዩ የት ይገባል? እንዲህ እየተጠያየቅን በእግራችን አዌቱ ወንዝ ደረስን። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው የሚፈስሰው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ያለው እዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ከጊቤ በኋላ ኦሞ፣ ከኦሞ በኋላ ቱርካና ሐይቅ አለ። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ቦዩ አጠገብ ቆመው «ለካ የእኛ ግቢ ውሃም እዚያ ይደርሳል!» ሲሉ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ። ቦዬንም አይዝለሉት። ብዙ ሰው ቦዬን የሚያውቀው በጉማሬዎቹ ነው፤ መምህራኑ ግን ጡብ ለመሥራት የተቆፈረውንና ባሕር ዛፍ የተተከለበትን ዳር ማየት አለባቸው። ረግረግ ደለልን የሚያስቀርና ጎርፍን የሚያበርድ መሆኑን እዚያ ቆመው ካስረዷቸው አይረሱትም።

እዚህ ላይ ስለ ፈቃድ ልንገርዎት፤ ያለ ደብዳቤ እንዳይወጡ። መምህራኑን በሥራ ቀን ከግቢ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብቼ ሦስት ሳምንት መዝገብ ቤት ተቀመጠ። በአራተኛው ሳምንት ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ባለጉዳይ በሞላበት ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንዝ ለማየት ሥልጠና ምን ያደርጋል? መምህራኑ ውሃ አይተው አያውቁም?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁ፤ ያን ቀን እንደተዋረድኩ ተሰምቶኛል። በማግሥቱ ግን ተመልሼ ገባሁና የመውጫና የመመለሻ ሰዓት፣ የመምህራኑን ስም ዝርዝርና የማካካሻ ክፍለ ጊዜ የያዘ ገጽ ጨምሬ አስቀመጥኩለት። ፈረመ። እርስዎ ይህንን ገጽ ከመጀመሪያው አያይዘው ያስገቡ፣ ቅጂውን የደረሰኝ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስብዎት።

ወቅቱንም በደንብ ይምረጡ። የመጀመሪያውን ሥልጠና ያደረግሁት ነሐሴ ላይ፣ መምህራኑ ዕረፍት ስለሆኑ ነበር። ወንዙ ሞልቶና ደፍርሶ ወደ ዳሩ መጠጋት እንኳ አስፈራን፤ እጮቹንም ጎርፉ ጠርጎ ወስዷቸዋል። ኅዳር ይሻላል። ውሃው ጎድሎ ይጠራል፣ የቡናም ወቅት ነው። ከአጎራባች ወረዳ የሚመጣ መምህር ካለ ከእሸት ቡና መፈልፈያ በላይና በታች ናሙና ይውሰድ። ገለፈቱና የመታጠቢያው ውሃ ስኳር ስላለው ባክቴሪያ እየበላው የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ልዩነቱ ሳህኑ ላይ በግልጽ ይታያል። በቡና የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ይህን ሲያይ ጉዳዩ ቤቱ ድረስ ይገባል። መምህሩ አርሶ አደሩን ወይም ባለ መፈልፈያውን የሚያስወቅስ ንግግር እንዳያደርግ አስቀድመው ይንገሩት። አንድ ወላጅ ልጁን ከክበቡ ያስወጣብን በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንቃቄውን አያቅልሉት። ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ቢልሃርዝያ፣ ቆዳን በስቶ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ሊኖር ይችላልና ማንም በባዶ እግሩ አይግባ፤ ሲመለሱ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። መጸዳጃ ቤት በሚፈስስበት ቦታ ናሙና አይውሰዱ፤ ከዳር ሆነው ተመልክተው ይመዝግቡ።

በሁለተኛው ዙር ከሠለጠኑት ትምህርት ቤቶች አራቱ እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ። የአንዱ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍሎች ከድልድዩ በላይና በታች የቆጠሩትን በሰንጠረዥ ሠርተው ለወላጆች ስብሰባ አቀረቡ። በሳምንቱ የአካባቢው ሰዎች ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ አጠሩት። አጥሩን አሁንም ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ።

ሳህኑን ሲገዙ ነጭ ይሁን፤ ሰማያዊ ላይ እጮቹ አይታዩም። የወንዙን ቀን ኅዳር ላይ ካደረጉት ይንገሩኝ፣ አብሬ እመጣለሁ። ቦት ጫማ የራሴ አለኝ።