«ባለቤቴ በዕቁቡ ብር ደብቆኝ አክሲዮን ገዛ፤ እኔም የደበቅሁት አለ»

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የምንኖር የሁለት ልጆች ወላጆች ነን። ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። በጥር 2017 በሳምንት 2,000 ብር የሚጥልበት የ30 ሰው ዕቁብ ስድስተኛው ዕጣ ወጣለት። ከ60,000 ብሩ ግማሹን ጣውላ ገዛበት። በቀረው ሳይነግረኝ በቴሌብር 100 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መግዛቱን ስልኩ ላይ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አኩርፌአለሁ። ነገር ግን እኔም ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር እሱ የማያውቀው ዕቁብ አለኝ። ሌባ ልበለው? የእኔንስ ልንገረው? አክሲዮኑን እንዲሸጠውስ ልጠይቀው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ደስ አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ ገንዘብ የሚበትን ሰው የለም! እሱ ለነገ ብሎ አክሲዮን ይገዛል፤ አንቺ ለነገ ብለሽ ዕቁብ ትጥያለሽ። ለአንድ ጎጆ እየቆጠባችሁ እርስ በርስ ትደባበቃላችሁ። ስለዚህ «ሌባ» የምትለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪያት። አንዴ ከወጣች ልጆቹም ይሰሟታል፤ መመለሻም የላትም።

መቆጣትሽ ግን ከንቱ አይደለም። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይላል፤ ብሩም በላብ የተገኘ ሳይሆን የተሰጠ ይመስላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኙት የምጣኔ ሀብት ምሁር ሪቻርድ ቴለር፣ ሰዎች በአእምሯቸው ለየገንዘቡ የተለያየ መዝገብ እንደሚከፍቱ አሳይተዋል። ያው ብር ሆኖ ሳለ ደመወዝ የቤት ወጪ ይባላል፤ ዕጣ ደግሞ የዕድል። በዕድል ብር ላይ እጃችን ይደፍራል። የባለቤትሽ ዕጣ ግን ሲቆጠር ሌላ ነው። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ከኪሱ የወጣው 12,000 ብር ብቻ ነበር። ቀሪው 48,000 ብር ገና ያልደረሳቸው አባላት ያበደሩት ነው፤ ለ24 ሳምንታት 2,000 ብር እየጣለ ይመልሰዋል። ወለድ የሌለው ደግ ብድር ነው፤ ብድርነቱ ግን አልቀረም፤ ዋሱን ብትጠይቂው ይነግርሻል።

አሁን የከተማችሁን ወቅት አስቢው። ቡናው ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ ይሸጣል፤ ጥር የሰርግ ወር ነው፤ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያሠራው ሰው ያኔ ይበዛል። ዝናቡ ሲበረታ ገበያው ይቀዘቅዛል። የዕቁቡ ክፍያ ደግሞ ሐምሌ ድረስ ይዘልቃል፤ ወዲያው የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይከተላል። ያን ጊዜ ቤቱን የሚሸከመው ያንቺ ደመወዝ ነው። አክሲዮን ሕፃን የታመመ ዕለት መዝዘው የሚያወጡት ገንዘብ አይደለም፤ በአገራችን አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ራሱ ሥራ የጀመረው በዚሁ በጥር 2017 ነው። ለዓመታት በማይፈለግ ገንዘብ ሲገዛ መልካም ነው፤ በሰው ገንዘብ ሲገዛ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ያኮረፍሽው ክረምቱን ፈርተሽ ይመስለኛል። ይህን እስካሁን አልነገርሽውም፤ እሱ የሚያየው ፊትሽን ብቻ ነው።

እሱስ ለምን ደበቀሽ? ምናልባት «አይሆንም» እንደምትዪው አስቀድሞ ስላወቀ ነው። አንቺም ዕቁብሽን የደበቅሽው ለእንጨት መግዣ እንዳይጠይቅሽ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን «ባልሽ የማያውቀው ቋጠሮ ይኑርሽ» ብለው ይድራሉ፤ በዘመናቸው ምክንያት ነበራቸው። ባልሽ የሚመታሽ ወይም ደመወዝሽን የሚነጥቅሽ ሰው ቢሆን እኔም ቋጠሮሽን ያዢ ባልሁሽ ነበር። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ግን እንዲህ ያለ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ንገሪው፤ ቀድመሽም የራስሽን። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍይ። በአቦሉ ስለ ልጆቹና ስለ ሰፈሩ ተጫወቱ፤ ገንዘቡን ቶናው ላይ አንሺው። «እኔም ያልነገርሁህ ዕቁብ አለኝ፤ ይቅርታ፤ ያንተንም አይቻለሁ፤ ክረምቱ አስፈርቶኛል» በይው። ስልኩን ማየትሽንም አትሸሽጊ። «ለምን» ብለሽ አትጠይቂው፤ «ለምን» ሲባል ሰው ጠበቃ መፈለግ ይጀምራል። ይልቅ «ስትገዛው ምን አስበህ ነበር?» በይው፤ ስለ ልጆቹ ያሰበውን አንድ ነገር ይነግርሽ ይሆናል።

ከዚያ ደብተር አውጡ። ከሁሉ በፊት ቀሪው የዕቁብ ክፍያና የመስከረም ወጪ ይጻፍ። ያንቺ ዕጣ ሲወጣ የሦስት ወር የቤት ወጪ እስኪሞላ ባንክ ይግባ፤ ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አለ። ለእያንዳንዳችሁም በወር ማንም የማይጠይቅበት ጥቂት ብር ይመደብ። እኔ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ትንሽ ነፃነት ያለው ሰው ለመደበቅ አይቸኩልም። ከተስማማችሁበት መጠን በላይ የሆነ ወጪ ግን ሁለታችሁም ሳትነጋገሩበት አይወጣም። መጠኑን እናንተ ታውቁታላችሁ።

አክሲዮኑን እንዲሸጠው አትጠይቂው። 30,000 ብር አውጥቶበታል፤ አሁን ሽጥ ብትዪው ገዢ ፍለጋው ሌላ ጠብ ይሆናል፤ የተስፋውንም ነገር ነክተሽበታል። ክረምቱን ያንቺ ዕቁብና ደመወዝሽ ካሻገሩት ይቀመጥ። የሚቀጥለውን ግዢ ግን አብራችሁ ወስኑ፤ ከተስማማችሁ በአንቺ ስም ይሁን።