ኦይል ሲሉን ከመቀየራችሁ በፊት

ይድረስ በጅማ ጋራዦች ሙያ ለምትለምዱ ልጆቼ፣

እዚህ አገር የዲፈረንሻል (በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው የማርሽ ቤት) ዘይት የሚያፈስበት ወቅት አለው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ የከረመ ፒክአፕ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡና ይጫንበትና ከሊሙ፣ ከጌራ ይመላለሳል። ከዚያ «ከኋላ ያንጠባጥባል» ተብሎ ይመጣል። እናንተም ከሥር ገብታችሁ ርጥበት እንዳያችሁ «ኦይል ሲል ግዛ» ትላላችሁ፤ ዘንጉ በሚያልፍበት አፍ ዘይቱን አግዶ የሚይዘውን ቀለበት ማለት ነው። ይገዛ። ግን ምን እንደገደለው ሳታውቁ አዲሱን አትግጠሙ።

መጀመሪያ እጠቡት። ጭቃና ዘይት በተጋገረበት ምንጩ አይታይም። አድርቃችሁ እስከ ቦዬ ንዱትና ተመልሳችሁ እዩ። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ በሚገባበት በኩል ከረጠበ የፒኞኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ባለ ጥርስ ዘንግ) ኦይል ሲል ነው፤ ሁለቱ ዘንጎች የሚታሰሩበት የሚሽከረከረው ፍላንጅ ስለሚረጨው ከበላዩ ያለው ወለል ላይም ዘይት ታገኛላችሁ። ከጎማው ጀርባ ከወረደ ደግሞ የአክሰሉ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ብቻ የፍሬን ዘይት እንዳይሆን አሽትቱ። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይላል። የፍሬኑ ቀጭን ነው፣ በውሃም ይለቃል።

አሁን ወደ መተንፈሻዋ። አክሰሉ ላይ ያለችውን ያቺን ትንሽ ክዳን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች ግፊቱ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር ገፍቶ ያወጣዋል። ጭነት ሲከብድ ሙቀቱም ይብሳል፤ ክረምት የደፈነውን ኅዳር የሚያጋልጠው ለዚህ ነው። እንደጋለ ወንዝ ከገባ ደግሞ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፣ አለበለዚያ ኩሽኔታውን ይበላዋል። መተንፈሻዋን ሳያጸዱ ኦይል ሲል መቀየር ግን፣ በእኔ ግምት፣ የደንበኛን ገንዘብ መብላት ነው።

አሮጌውን ስታወጡ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ያፈሳል፤ ወይ ፍላንጁ ይቀየራል፣ ወይ ስስ ቀለበት ይለበስለታል። ፍላንጁን ይዛችሁ ወዝውዙ፤ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው።

የፒኞኑን ዳዶ በጥንቃቄ ያዙት። ብዙ መኪና ላይ፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል፣ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨመቀ ልካቸውን የሚጠብቅ ስስ ቱቦ አለ። ከመፍታታችሁ በፊት ዳዶውን፣ ፍላንጁንና የፒኞኑን ጫፍ በአንድ መስመር ምልክት አድርጉ፣ የወጡትን ጥርሶች ቁጠሩ፣ ስትመልሱም እዚያው አድርሱት። በኤር ጋን ያለ ልክ ከጠበቀ ኩሽኔታው ብዙም ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። ማንዋሉ ቱቦው ይቀየር ካለ ይቀየር።

አዲሱን ከንፈሩን ዘይት ቀብታችሁ፣ ሞላው ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙራችሁ፣ ዙሪያውን እኩል በሚገፋ ቧንቧ አስገቡት። ዘይቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ቆመ ማለት ነው። ብዙዎቹ ላይ ልኩ ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ሲደርስ ነው።

የሚያፈሰው የአክሰሉ ከሆነ የፍሬኑን ታምቡር ሳታወልቁ አትልቀቁት። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲመለስ አያለሁ፤ አልስማማበትም። ይኸው መኪና ነገ ጭነቱን ይዞ የጊቤን ቁልቁለት ይወርዳል፣ አንዱ ጎማ ይዞ ሌላው ካልያዘ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሸራው የግራም የቀኝም አብሮ ይቀየር። ባለቤቱ «ኦይል ሲል ብቻ ነበር ያልኩት» ብሎ ከተቆጣ አትሟገቱት፤ ዘይት የነከረውን ሸራ በእጁ አስይዙት።