ጥያቄና መልስ፦ የመንግሥት በጀት ኢንተርኔት ላይ እንዴት ይነበባል?

የኦዲት ሰው ነኝ፤ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ የጸደቀ በጀት ማለት የወጣ ገንዘብ ማለት አይደለም።

ሔኖክ፦ ጋሼ፣ የ2018 የፌዴራል በጀት በእጥፍ አደገ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የ2017ቱ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ነው። እነዚህን ብቻ ያየ ሰው እጥፍ ይላል። ግን በ2017 መሃል ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ሲደመር 1.55 ትሪሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ እጥፍ አይደለም። ተጨማሪው በሌላ አዋጅ ስለሚወጣ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ትዕግሥት፦ በዶላር ካሰላችሁት እኮ ቀንሷል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ተለቋል።

ሔኖክ፦ መምህር ደሞዙን በዶላር ነው እንዴ የሚቀበለው?

ትዕግሥት፦ ነዳጅና መድኃኒትስ በምንድን ነው የሚገዛው?

መልስ፦ እሱን ለብቻችሁ ተከራከሩ። ቀጣይ።

አቤል፦ ሰነዱ የት ይገኛል?

መልስ፦ የገንዘብ ሚኒስቴር ድረ ገጽ። ነጋሪት ጋዜጣም አለ።

ብርቱካን፦ ገንዘቡ በአግባቡ መውጣቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! የበጀት ሰነዱን ዝጊና የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ሪፖርት ክፈቺ። በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። «ያልተወራረደ»፣ «ከበጀት በላይ»፣ «ማስረጃ ያልቀረበበት» የሚሉትን ፈልጊ። ያልተወራረደ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም፤ ቅድመ ክፍያ ተሰጥቶ ሰነዱ ያልመጣም ይኖራል። ስለዚህ ቶሎ ሌባ አትበሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ያዢና የተከታታይ ዓመታት ሪፖርቱን አስተያዪ። ያው ግኝት በየዓመቱ ከተመለሰ፣ ያኔ ጠይቂ። እኔን የሚያናድደኝ ቁጥሩ ስካን ተደርጎ ሲለጠፍ ነው። መደመር አይቻል፣ መፈለግ አይቻል! ስሎቫኪያ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ውል ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ በሥራ ላይ አይውልም። እዚህም እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ዳዊት፦ ታዲያ ያ 1.93 ትሪሊዮን የት ገባ?

መልስ፦ ከላይ አላነበብክም። የጸደቀ ነው አልኩ፣ የወጣ አላልኩም።

ሙሉ፦ ሙስናው ስንት ፐርሰንት ይሆናል?

መልስ፦ ግምት አልሰጥም።

ሀና፦ የወረዳችንን በጀት ግን ኢንተርኔት ላይ አጣሁት።

መልስ፦ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። በጀት ሰሌዳ ላይ የመለጠፍ አሠራር አለ። ካልተለጠፈ በጽሑፍ ጠይቂ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ማመልከቻሽን ገቢ አስደርገሽ ቅጂውን ያዢ። ከከለከሉሽ አቤቱታሽን ለእንባ ጠባቂ ተቋም ታቀርቢያለሽ።