የ1990ዎቹን የኤክስ10 መቆጣጠሪያ በዛሬ ኮምፒውተር ማሠራት

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የገዛነው ቤት የኤክስ10 (በቤቱ የመብራት ገመድ በሚላክ ምልክት የሚታዘዙ) ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። የቀድሞው ባለቤት ማብሪያዎቹን የሚያዝዘውን፣ ሲኤም11ኤ የተባለውን ሣጥን አክቲቭሆም ከተባለው ፕሮግራሙ ሲዲ ጋር ትቶልናል፤ ያሠራው የነበረው የዊንዶውስ 98 ኮምፒውተር ግን አይነሳም። ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፔ ላይ ሲዲው አልጫን አለኝ። ሣጥኑንም በዩኤስቢ አስማሚ ባገናኘው አይታይም። ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ከመነካካትዎ በፊት ግን ሳምንት ያህል ይታዘቡ፦ የበረንዳው መብራት ማታ ራሱ ይበራል? ሣጥኑ የሰዓት መርሐ ግብሩን የሚይዘው በራሱ 1024 ባይት ማህደረ ትውስታ ውስጥ ስለሆነ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። ኮምፒውተር የሚያስፈልገው መርሐ ግብሩን ለመቀየር ነው። አዲስ ፋይል ሲላክለት የድሮው ይጠፋል። ስለዚህ የትኛው መብራት በስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ በየማብሪያው ላይ ያለውንም ፊደልና ቁጥር (ኤ1፣ ኤ2 ወዘተ) ይጻፉ። የሞተው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ከተነበበ የአክቲቭሆምን ማህደር እንዳለ ይቅዱት።

ሲዲው ያልተጫነበት ምክንያት ብልሽት አይደለም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም። በዚያ ዘመን ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ እንኳ መጫኛው ብዙ ጊዜ 16 ቢት ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም ጭራሽ የለውም። «የተኳኋኝነት ሁነታ» የሚባለውን ምርጫ በመነካካት ጊዜዎን አያባክኑ፤ ይህን አይፈታም።

የሚያዋጣው የድሮውን ዊንዶውስ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ እንግዳ ማስገባት ነው። ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚፈጥር ፕሮግራም ይጫኑ፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ ከነፈቃድ ቁልፉ ካለዎት እዚያ ውስጥ ይጫኑት፤ ለእሱ 512 ሜጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። የኔትወርክ ካርዱን ያጥፉት፤ ድጋፍ የተቋረጠበት ሲስተም ኢንተርኔት ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? ቀጥሎ በቨርቹዋል ማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ሲሪያል ፖርት 1ን (የድሮ መሣሪያዎች በገመድ የሚገናኙበትን መግቢያ) ያብሩ፣ ቁጥሩን ኮም1 ያድርጉ፣ ሁነታውን «የአስተናጋጁ መሣሪያ» በሚለው ላይ አድርገው በአድራሻው ቦታ አስማሚው በላፕቶፑ ላይ የያዘውን ቁጥር፣ ለምሳሌ ኮም3 ይጻፉ። ኤክስፒ እውነተኛ ኮም1 ያገኘ ይመስለዋል፤ ለአስማሚው የኤክስፒ ድራይቨር ፍለጋም ይቀርልዎታል። አስማሚው ካልተሰካ፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ከያዘው፣ ማሽኑ አልነሳም ይላል።

አስማሚው ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለውን ይግዙ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የፕሮሊፊክ ቺፕ ቅጂ ናቸው፤ አዲሱ የዊንዶውስ ድራይቨር ለይቶ «ኮድ 10» ብሎ ይዘጋቸዋል። ሣጥኑ አልታይ ያለዎት በዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ሶኬት የስልክ ቢመስልም ተራ የስልክ ገመድ አያገለግልም። ዋናው ገመድ ከጠፋ እንዲህ ይሠራል፦ ከባለ 9 ፒኑ መሰኪያ ፒን 2 ወደ ስልክ መሰኪያው 1፣ ፒን 3 ወደ 3፣ ፒን 5 ወደ 4፣ ፒን 9 ወደ 2። ፍጥነቱ 4800 ባውድ፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት ነው።

ፖርቱ ተከፍቶ ሣጥኑ ትእዛዝ ካልተቀበለ፣ መብራት ጠፍቶ ሰዓቱን ረስቶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በየሰከንዱ 165 የሚል ባይት ይልካል፤ ኮምፒውተሩ በ155 የሚጀምር የሰዓት መልእክት እስኪመልስለት ሌላ ነገር አይሰማም። ሁለቱን የትሪፕል ኤ ባትሪዎች ይቀይሩና ከፕሮግራሙ ሰዓቱን እንዲልክ ያድርጉ። የኤክስፒው ሰዓትና ቀጠና አስቀድሞ ትክክል መሆን አለበት። አሜሪካ የበጋ ሰዓት ደንቧን (ሰዓትን በዓመት ሁለቴ በአንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የምታዛውርበትን) በ2007 ስለቀየረች የድሮውን ደንብ የያዘ ፕሮግራም በመጋቢትና በኅዳር አካባቢ አንድ ሰዓት ሊስት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱን እንደገና መላክ ነው።

ፕሮግራሙ «ተልኳል» እያለ መብራቱ ካልበራ ችግሩ ከኮምፒውተር ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው በሶፍትዌሩ የሚያማርረው። ኤክስ10 መልእክቱን በመብራት ገመዱ ላይ፣ ቮልቴጁ ዜሮን በሚያልፍበት ቅጽበት፣ በ120 ኪሎኸርዝ ምት ይልካል፤ ምቱም ደካማ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል ትራንስፎርመርና ሰርጅ ፕሮቴክተር (ዕቃን ከድንገተኛ የኃይል መጨመር የሚጠብቅ መሰኪያ) ይውጡታል። ሣጥኑን ሁልጊዜ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ ከዚያ ሌላውን ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይሞክሩ። የአሜሪካ ቤት ሁለት የ120 ቮልት መስመሮች ስላሉት ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ላይሻገር ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በ240 ቮልት የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ያብሩት። እሱ ሲበራ ብቻ የሚታዘዝ መብራት ካለ የፌዝ አገናኝ (ምልክቱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ) ያስፈልጋል። እሱን ማከፋፈያው ሰሌዳ ላይ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስገባው።

አንዴ ሁሉ ነገር ከሠራ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ዘግተው አንድ ፋይል አድርገው በውጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ላፕቶፑ ቢቀየር ያው ፋይል ይነሳል።

ለዘለቄታው ግን ሄዩ የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ለሲኤም11ኤ የተጻፈ ነው፣ ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፣ የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው ሆም አሲስታንት የተባለ ፕሮግራምም በእሱ በኩል መብራቶቹን ማዘዝ ይችላል። በሊኑክስ ተጠቃሚዎን «ዳይልአውት» ወደሚባለው ቡድን ካላስገቡ ፖርቱ ፈቃድ የለህም ይላል። ሄዩና ቨርቹዋል ማሽኑ ግን አንዱን ፖርት በአንድ ጊዜ አይጋሩም፤ አንዱን ይዝጉ።

ዕቃውን አገር ቤት ልውሰደው ካሉ ደግሞ ይተዉት። ዕቃዎቹ ለ120 ቮልትና 60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በትራንስፎርመር ቮልቴጁን ቢያስተካክሉትም ድግግሞሹ አይቀየርም።