ማሽኑ የማያውቀውን ጻፉለት

ስታቲክ የጂፒኤስ ቅየሳ፣ ማለትም ሁለት የሳተላይት መቀበያ ማሽኖችን በሁለት ነጥቦች ላይ ተክሎ አብረው እንዲመዘግቡ ማቆየት፣ በወጣቶች ዘንድ ስሙ ጠፍቷል። «ማሽኑን ተክሎ ጥላ ሥር መቀመጥ» ይሉታል። አርቲኬ (ልኩን እዚያው በቅጽበት የሚሰጥ ማሽን) ይዞ ነጥብ እየለቀሙ መሄድ ብቻ ሥራ ይመስላቸዋል። እኔ አዳማ ዙሪያ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁና እስኪ ስሙኝ።

ማሽኑ ሳተላይት መከታተልና በየ15 ሰከንዱ መመዝገብ አይከብደውም። የትኛው ነጥብ ላይ እንደቆመ፣ ከነጥቡ ስንት ከፍ እንዳለ ግን አያውቅም። ይህን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ከፍታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሜትሩን ነጥቡን ከሚያመለክተው ሚስማር እስከ አንቴናው ጎን ስትዘረጉ ሰያፍ ነው የሚሄደው። ቀጥ ያለው ልክ ከሰያፉ በጥቂት ሚሊሜትር ያንሳል። ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል፤ ሰያፍ መሆኑን ከነገራችሁት ነው ታዲያ። የባሰው የት ድረስ እንደለካችሁ አለመጻፍ ነው። እስከ አንቴናው ግርጌ? ወይስ ጎኑ ላይ እስካለው ምልክት? ልዩነቱ ሴንቲሜትሮች ሊሆን ይችላል። «1.482» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ቢሮ ሲደርስ እንቆቅልሽ ነው። በሦስት አቅጣጫ ለኩ፤ ሲጀመርም ሲያበቃም ለኩ። የለካችሁበትን ቦታ በእርሳስ ሳሉት። ሥዕሉ ቢያስቀይም ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

ሰዓት ላይ ደግሞ የእኛ አገር ሰው የራሱ ጣጣ አለበት። ማሽኑ ፋይሉን የሚመዘግበው በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በግሪንዊች ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል እሱ ጋ 6 ነው። ቀን ላይ በእኛ ሰዓት 3 ደምሩበት፣ ይመጣላችኋል። ቀኑንም በእኛ ካላንደር ከጻፋችሁ አጠገቡ የፈረንጁን አስቀምጡ። ማታ ፋይል የሚፈልገው ልጅ ይመርቃችኋል።

የሚቆጠረው ሁለቱም ማሽኖች አብረው የመዘገቡት ጊዜ ነው። አንዱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቆሞ ሌላው 3:40 ላይ ቢጀምር፣ በእጃችሁ ያለው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በማሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር ቆይታውም ይጨምር። «መኪናው ሊሄድ ነው» ተብሎ ቀድሞ የተነሳ ማሽን በማግስቱ ተመልሶ ይተከላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አዳማን የሚያውቅ ንፋሷን ያውቃል። እነዚያ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ኮረብታው ላይ የቆሙት በከንቱ አይደለም። አፈሩም ብዙ ቦታ ልል ነው። ማሽኑ የቆመበትን የትራይፖድ እግር በደንብ ረግጣችሁ አስገቡት፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደግፉበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ ራቁ፤ ሲግናሉ ነጥሮ እየመጣ ያሳስታል። በጅቡቲ መንገድ ዳር ደግሞ ሲኖትራክ መጥቶ አጠገባችሁ ይቆማል። «ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በልልን» በሉት። እምቢ ካለ የቆመበትን ሰዓት መዝግቡ።

ማሽኑን ከመትከላችሁ በፊት የእርሻውን ባለቤት አነጋግሩ። «መሬቴን ልትወስዱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «አባባ፣ ይቺ ነጥብ የት እንዳለች ልናውቅ ነው» ብላችሁ በእርጋታ አስረዱ። ከቻላችሁ ጠባቂውን ከዚያው ሰፈር ቅጠሩ፣ ክፍያውንም አትቆንጥሩ። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቁት፤ ፍየል ወይም ልጅ ትራይፖዱን ቢነካው ራሱ አስተካክሎ እንዳያቆመው፣ ይደውልላችሁ። ወድቆ የተነሳ ትራይፖድ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት በትራይብራኩ (ማሽኑ ትራይፖዱ ላይ በሚቀመጥበት መያዣ) መነጽር ሚስማሩን እዩት። ከመሀል ሸሽቶ ከሆነ እንዳለ ጻፉ። ቢሮ ያለው ሰው የሚጥለውን ጥሎ የሚተርፈውን ያተርፋል።

ከድሮ ነጥብ ጋር ስታገናኙ በየትኛው ዳተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት)፣ በየትኛው ዓመት እንደተለካ ጠይቁ። በድሮው ዳተም በአዲንዳንና ዛሬ ሳተላይቱ በሚሰጣችሁ ልክ መካከል ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። እሱ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ይታያል። ትንሹ ነው አስቸጋሪው። አዳማ የቆመችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሸለቆው ደግሞ በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ እየሰፋ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲናጥ እዚህም ተሰምቶናል። ከሸለቆው ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ነጥቦች ከ20 ዓመት በፊት የነበራቸው ርቀት ዛሬ የላቸውም። ስለዚህ አዲሱ ልካችሁ ከድሮው በጥቂት ሴንቲሜትር ሲለይ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የድሮው ወረቀት ላይ ያለውን ዓመት እዩ።